አያ ፈንታ ከመስከረም በፊት እንዳይሞቱ

ሐምሌ 9 ቀን 1995

ዝናብ። ጉሙ ደጃፌ ድረስ ገብቶ ዶሮዎቼን በዓይኔ አላያቸውም፤ በድምፅ ነው የማውቃቸው። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈስሳል። ዳኜን ስንት ጊዜ ነገርኩት... «ነገ፣ እትዬ» ይላል። የእድር ጸሐፊ ሆኖ ነገ መቼ እንደሆነ የማያውቅ ሰው!

ጎረቤቴ ኮከቤ ገብስ ልታስፈጭ ዘመሮ ከተማ ወርዳ ነበር። ወፍጮው ተበላሽቶ ያንኑ ገብስ ተሸክማ ተመለሰች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ቤት እንደገባች ድንጋዩ ላይ ተደፍታ መፍጨት። «ተይ እንጂ» ብላት «ማን ይፈጭልኛል፣ እማማ?» አለችኝ።

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። እኔ የማውቀው ክፍልፋይ ነው።

ሐምሌ 14

ሙሐመድሁሴን በበቅሎ መጣ። ከቆላ ጨውና ጨርቅ የሚያመጣው ነጋዴ። አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ካርታ ላይ ወንዝ ሽቅብ ያስፈስስ ነበር። አሁን ጢም አውጥቷል።

ሞተር ወፍጮ ገዛ። አንድ ነው። እኛ ላይ አምባ ይተከል ወይስ ከወንዙ ማዶ ታች አምባ? ሁለቱም መንደር ሽማግሌ ልኮበታል። ሁለቱም በግ አቅርቦለት ራሱ አርዶ በልቷል።

«እትዬ፣ ወፍጮ እንደ በግ አይነዳም። አንዴ ከተተከለ ተተከለ። ሕዝቡ ቶሎ የሚያድግበት መንደር ላይ ነው የማስቀምጠው። እርስዎ ያስሉልኝ።»

«ለምን እኔ?»

«ሁለቱም የሚፈራው እርስዎን ብቻ ነው።»

ይህን እንኳ ልክ አለ። እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ያለው ይታሰባል፤ መስከረም ላይ ይወስናል። ታች አምባም የራሱ ተቆጣጣሪ ይኖረዋል፦ አቶ ወንድምአገኝ የሚባሉ፣ መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የኖሩ ጡረተኛ። አላውቃቸውም። ማካፈል ይችሉ ይሆን?

ሐምሌ 15

ለራሴ ላስታውስ። በዓመቱ የተወለዱትን ለዓመቱ አጋማሽ ሕዝብ አካፍሎ በሺህ ማባዛት... የውልደት መጠን። የሞቱትንም እንዲሁ... የሞት መጠን። ሁለተኛውን ከአንደኛው መቀነስ... የተፈጥሮ ዕድገት። የመጣን መደመር፣ የሄደን መቀነስ። አለቀ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን አስተማሪያችን ሚስ ሞርተን «በሺህ» የሚለውን የረሳች ተማሪን ጣት በማስመሪያ ትመታ ነበር። ዛሬም «ሺህ» ብዬ ስጽፍ ግራ እጄን እሰበስባለሁ።

ሐምሌ 19

ቆጠራው ተጀመረ። ተጀመረና ቆመ።

እናቶች ልጅ አያስቆጥሩም። አንዷን «ስንት ልጅ አለሽ?» ስላት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፤ ጣቷን እንዳልቆጥርባት! «የሰጠኝን ያህል» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ንጉሥ ዳዊት ሕዝብ ቆጥሮ ምን እንደወረደበት ረሱት እንዴ፣ እትዬ?»

ወደ ቄሱ ወደ አባ ወልደ አማኑኤል ሄድኩ። አሰቡ... አሰቡ... «ሰው አይቆጠር እንጂ ባቄላ ቢቆጠር ኃጢአት የለበትም» አሉ።

እኒህ ሰው ጂኦግራፊ ቢማሩ የት በደረሱ! ከየቤቱ በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ባቄላ ይመጣል።

ሐምሌ 22

የዳኜ ሙክት የላይ አምባን ሕዝብ በላ።

የባቄላውን ሰፌድ ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ለጸሎት ገባሁ። ስወጣ ያ ሙክት አፉን እያላመጠ ያየኛል።

«ዳኜ! ስንት በላ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ። ከጀመረ ግን ግማሽ ላይ የሚተው በግ አይደለም።»

እንደገና። ከየቤቱ። አንዳንዱ «የሞተብን የለም፣ ለምን ድጋሚ?» ብሎ ተቆጣ።

ሐምሌ 26

አቶ ወንድምአገኝ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁለት እርሳስ። ታች አምባን በአተር ቆጥረዋል። አተሩን በጨርቅ ቋጥረው፣ በማኅተም አሽገው! ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው?

የተወለዱትን ግን ከክርስትና መዝገብ ነው ያወጡት።

«ክርስትና ውልደት አይደለም» አልኳቸው። «ወንዱ በአርባ ቀን፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ነው የምትነሣው። ሐምሌ የተወለደች ልጅ እርስዎ ዘንድ የምትወለደው በሚመጣው ዓመት ነው ማለት ነው?»

«ያልተጠመቀ ሰው ስም የለውም፣ ወይዘሮ ጌታነሽ።»

«ስም አልጠየቅኩም። ቁጥር ነው የጠየቅኩት።»

 ከዚያ እርሳስ አወጡ። እናቶቹን አንድ በአንድ የልደት ቀን ሊጠይቁ ሄዱ፤ በዚያ ዝናብ። ደግ አደረግኩ። ጃንጥላ ግን አልነበራቸውም...

ነሐሴ 2

የኛ የዳኜ ዝርዝር ከዚያ ይብሳል። በላይ አምባ ብቻ 26 ልጅ ተወለደ ብሎ አመጣልኝ። ከ400 ሰው 26! በሺህ 65!

ገረመኝና ስሞቹን አነበብኩ። ማሙሽ። ኃይለ ጊዮርጊስ። እየሩስ። ወለተ ማርያም...

«ዳኜ፣ ማሙሽና ኃይለ ጊዮርጊስ የማን ልጆች ናቸው?»

«የታናሽ ወንድሜ።»

«ሁለቱም?»

«አይ... ማሙሽ የቤት ስሙ ነው፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የክርስትና ስሙ።»

«ታዲያ ስንት ልጅ ነው?»

«አንድ... ግን በሁለቱም ስም ቢጠሩት ይመጣል፣ እትዬ።»

ለሁለት ተካፈለ። 13።

ነሐሴ 5

የሄዱትን ማስቆጠር ከተወለዱት ይከብዳል። ማንም «ልጄ ሄደ» አይልም።

«ልጅሽ ሄዳለች፣ አይደል?»

«አልሄደችም። ሥራ ላይ ናት።»

«የት?»

«ቤሩት።»

«ታዲያ ሄዳለች።»

«ቀሚሷ ይኸው እዚህ ተሰቅሎ እንዴት ሄደች ይባላል?»

ቀሚሱን አሳየችኝ። ቆንጆ ቀሚስ ነው። የሄደች ብዬ ጻፍኩ። ከጓሮዋ ስወጣ ውሻዋን አልያዘችልኝም።

ነሐሴ 9

ሒሳቡ እስከዛሬ።

እኛ፦ 13 ተወለደ፣ 6 ሞተ፣ 4 መጣ፣ 8 ሄደ። ጭማሪ 3። ከ400 ሲታሰብ በሺህ 7.5።

እነሱ፦ 17 ተወለደ፣ 8 ሞተ፣ 5 መጣ፣ 10 ሄደ። ጭማሪ 4። ከ500 በሺህ 8።

በግማሽ ነጥብ ይበልጡናል። ኮከቤ ከዓመቱ በፊት ከወለደች ግን እኛ 10 እንሆናለን፤ ወፍጮው የኛ ነው። ማንም ካልሞተብን።

«ማን ሊሞት ይችላል?» አለ ዳኜ። ከዚያ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ወደ አያ ፈንታ ቤት ዞርን።

አያ ፈንታ ዘጠና ዓመታቸው ነው። ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። ኑዛዜያቸውን ሦስት ጊዜ ተናዘዋል፤ ሦስተኛውን እኔ ራሴ አርሜዋለሁ።

ነሐሴ 11

መንደሩ በሙሉ አያ ፈንታን እያስታመመ ነው። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ማር፣ አንዱ አዲስ ቡልኮ። ከዚህ በፊት ደጃቸውን የረገጠ አልነበረም።

አስጠሩኝ።

«ጌታነሽ፣ እውነት የኔ ነፍስ ሁለት ተኩል ናት?»

«በሺህ» አልኳቸው።

«ትንሽ ናት እንዴ?»

«ለወፍጮ ትበቃለች።»

ተኝተው ጣሪያውን እያዩ ብዙ አሰቡ። «እንግዲያው በግ ይታረድልኝ» አሉ።

ነሐሴ 13

ፍልሰታ ነው እንጂ! እንዴት በግ ይታረዳል? አባ ወልደ አማኑኤል ተጠሩ። «በሽተኛ በጾም አይገደድም» አሉ፤ ግን ፊታቸው ደስ አላለውም። አያ ፈንታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፦ «አባ፣ ለሆዴ ብዬ አይደለም። ለሕዝቡ ዕድገት ብዬ ነው የምበላው።»

የዳኜ ሙክት ታረደ። ያ ሕዝቡን የበላው። ሾርባው ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጣ... እኔም ጿሚ ነኝ።

ነሐሴ 20

አያ ፈንታ መንደሩን እንደ ንጉሥ ያዙት። ሾርባ ሲዘገይ ዓይናቸውን ጨፍነው «ብርሃን ይታየኛል... ይኸው በሩ ተከፈተ...» ይላሉ። ዳኜ ሳህን ይዞ በጭቃው ይሮጣል። ሳህኑ ሲደርስ በሩ ይዘጋል።

«ጠላው ቀጠነ» ሲሉ ሰማሁ ዛሬ። ሊሞት ያለ ሰው ስለ ጠላ ውፍረት ምን አገባው?

አቶ ወንድምአገኝም መጥተው ጠየቋቸው። ከዚያ ወደኔ ጎራ ብለው፦ «ወይዘሮ ጌታነሽ፣ የሞት መጠንን በሾርባ ማውረድ ይፈቀዳል?»

«ሚስ ሞርተን አልከለከለችም።»

ሳቁ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው።

ነሐሴ 27

አያ ፈንታ ተነሡ! በትር ይዘው ግቢያቸውን ዞሩ። ጉንጫቸው ቀልቷል። ሰዎች እልል አሉ። ኮከቤ ሆዷን ደግፋ «እማማ፣ እኔስ እስክወልድ አንድ ሳህን አይደርሰኝም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁንም በድንጋይ ትፈጫለች። ለዘጠና ዓመት ሽማግሌ የሚሮጥ መንደር ለእርጉዝ አይሮጥም... እሷ እንደማትሞት እርግጠኞች ሆነው ነው?

ዳኜን ጠርቼ ገሠጽኩት። ማታ ሚስቱ የኮከቤን ገብስ ወስዳ ፈጭታላታለች።

ጳጉሜ 1

ኮከቤ ገና። ጎረቤቶች እያለፉ ሆዷን ያያሉ እንጂ ፊቷን አያዩም። «ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ናት፤ አንድ ቀን ትርፍ አለን» ይላል ዳኜ። የሱ ምጥ ይመስል!

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዛሬ የሆነውን እንዴት ልጻፈው...

አያ ፈንታ ጠዋት «ጠበል ውሰዱኝ» አሉ። በሩፋኤል ቀን ጠበል የጠየቀን በሽተኛ ማን እምቢ ይላል? የኛ ጎረምሶች ከነአልጋቸው ተሸክመው፣ ወንዙን አሻግረው፣ ታች አምባ ካለው ጠበል አደረሷቸው። ተጠመቁ። ከዚያ ተነሥተው በእግራቸው ሄደው ጠጄ የምትባል ጠላ ሻጭ ባልቴት ቤት ገቡ። «አልጋውን ወዲህ አምጡልኝ» አሉ።

ለካ አልቆ የኖረ ጉዳይ ነው። እንደተሻላቸው በየቀኑ «ፀሐይ ልሙቅ» እያሉ የሚወርዱት እሷ ዘንድ ኖሯል። የታች አምባ ሽማግሌዎች መርቀው አጋቧቸው። አያ ፈንታ የታች አምባ ሰው ሆኑ!

አልጋቸውን ተሸክመው ያስገቡት የኛው ልጆች ናቸው። ጠላ እንኳ ጠጥተው መጡ።

ጳጉሜ 4

ሞተው ቢሆን እኛ አንድ እንቀንስ ነበር፤ እነሱ ባሉበት ይቆማሉ። በማግባታቸው ግን ከኛ አንድ ተነሥቶ ለነሱ አንድ ተጨመረ። እነሱ በሺህ 10። እኛ ኮከቤ ብትወልድም 7.5።

ዳኜ፦ «መንታ ብትወልድስ?»

«እኩል እንሆናለን።»

ዛሬ ኮከቤ ቤት ደጃፍ የሰው ብዛት... የሁለት ልጅ ያህል ገንፎ የሚሆን ዱቄት አምጥተዋል።

ጳጉሜ 6

ወለደች። አንዲት ሴት። ወፍራም፣ ጤነኛ፣ ጩኸቷ ወንዝ የሚሻገር። እልልታው ሦስት ላይ ቆሞ ሰዎች ወደ አዋላጇ ዞሩ፦ «ሌላስ?» «ሌላ የለም!» ብላ በሩን ዘጋችባቸው።

ልጅቷን ታቀፍኩ። ይቺ ናት ሁለት ተኩል በሺህ። ሚስ ሞርተን ይህን አላስተማረችም።

መስከረም 1 ቀን 1996

ዳኜ አደይ ይዞ መጣ። አበባ ይዞ ሲመጣ አውቄያለሁ።

«እትዬ... አያ ፈንታ የሄዱት ዛሬ ነው ብለው ቢጽፉስ? አራት ቀን ነው። ማን ያውቃል?»

አያ ፈንታ ወደዚህ ዓመት ከተገፉ እኛ 10፣ እነሱ 8። ወፍጮው እዚህ ነው። ኮከቤ ከአራስ ቤት ስትወጣ ደጃፏ ላይ ታስፈጫለች። ለማን ብዬ ነው የማልገፋው? ለሙሐመድሁሴን? ለቁጥር?

ቀኑን ሙሉ ዱቄት እየሸተተኝ ዋለ።

መልሴ፦ «ጳጉሜ 3 ነው የሄዱት።» ዳኜ አበባውን ይዞ ተመለሰ።

መስከረም 3

አቶ ወንድምአገኝ እስከ ጉልበታቸው ርሰው መጡ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ተሻገሩ።

«ስሕተት አለብኝ፣ ወይዘሮ ጌታነሽ። የኛ አንዷ ሕፃን ኅዳር ነው ክርስትና የተነሣችው። እናትየው መስከረም ወለድኳት ብላኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ምን አለችኝ፦ ‹አምና እንቁጣጣሽ ዕለት እኮ አራስ ነበርኩባት።›»

«አምና ከእንቁጣጣሽ በፊት ከተወለደች...»

«የሌላ ዓመት ናት። ትቀነስ።»

አብረን ሠራነው። እነሱ 8። እኛ 7.5። አሁንም ያሸንፋሉ፤ በግማሽ።

«የምትሸነፉ ሆኖ ቢሆንስ ይመጡ ነበር?» አልኳቸው።

«ስነሣ አላሰላሁትም። ወንዙ መሀል ነው ያሰላሁት።» ኮታቸውን እየጨመቁ፦ «መሀል ላይ ደግሞ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያው ነው።»

ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ጨርቅ ሰጠሁ። ስለ ነጥብ አጣጣል ተከራከርን። ሳላውቀው ጀምበር አዘቀዘቀች።

መስከረም 5

ሙሐመድሁሴን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ታች አምባ። «ሥራው ከቀና ለሚመጣው ዓመት ሁለተኛ ወፍጮ አመጣለሁ፤ ያን ጊዜም በዚሁ ስሌት» አለ።

መስከረም 12

በእድር ስብሰባ ወንበር አልሰጡኝም። ቆሜ ሰማሁ። የልጇን ቀሚስ ያሳየችኝ እናት ስታየኝ ውሻዋን ለቀቀችው። ውሻው ግን መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ።

ጣሪያዬ አሁንም ያፈስሳል።

መስከረም 24

ወፍጮው ተነሣ። ድምፁ እዚህ ይሰማል። ኮከቤ አራስ ስለሆነች ባሏ ጆንያ ተሸክሞ ወረደ፤ የመንደሩ ሴቶች ወንድ ልጅ እህል ሊያስፈጭ ሲሄድ ለማየት ተሰለፉ።

ሲመለስ ያወራው፦ አያ ፈንታ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተራ ያስይዛሉ። የላይ አምባን ሰው ሁሉ ወደ ፊት ያሳልፋሉ! የታች አምባ ሰዎች ሲጮኹ፦ «እናንተ አንድ ቀን ሾርባ ሰጥታችሁኛል?» ይላሉ።

ዛሬ ሁለት ሴቶች ሰላም አሉኝ። ያ ውሻ ግን በየቀኑ ይመጣል።

ጥቅምት 4

ዳኜ፣ አባ ወልደ አማኑኤል፣ ሌሎች ሁለት። ነጭ ለብሰው በር ላይ ቆሙ። «ግቡ» ብላቸው አልቀመጥ አሉ።

የእድር ቅጣት ነው ብዬ ነበር።

«ለልመና ነው የመጣነው» አሉ አባ። «ጉዳዩ... በፍልሰት በኩል ነው።»

«በምን በኩል?»

ዳኜ ጣልቃ ገባ፦ «እትዬ፣ ከታች አምባ አንድ ሰው ወደኛ ቢመጣ ለኛ አንድ ይጨመራል፣ ከነሱ አንድ ይቀነሳል። በሺህ ሲታሰብ ለኛ...»

«ሁለት ተኩል፤ ከነሱ ሁለት። አውቃለሁ። ማንን ነው የምታመጡት?»

ተያዩ። «እንግዲህ... የሚያስገባው ቤት ሲገኝ ነው» አሉ አባ። «እርስዎም ብቻዎን ነዎት። እሳቸውም ሚስታቸው ካረፈች ቆይታለች። ታች አምባ 501 ሰው እያለ...»

«አምስት መቶ ሁለት!» አለ ድምፅ ከአጥሩ ውጭ።

ሁለት እርሳስ። ኮት። ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ።

ምን ልበል? በዚህ ዕድሜዬ! ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሽማግሌ በር ላይ አቁሞ ማሳደር ነውር ነው። ተማሪ ቤትም «ጥያቄ ሳይመለስ ወረቀት አይሰጥም» ነበር ደንቡ።

«መጀመሪያ ጣሪያው ይሠራ» አልኳቸው።

ጥቅምት 6

ዳኜ ጣሪያው ላይ ነው። ከነአራት ሰው። ለካ ነገን ያውቃል።

ጥቅምት 19

ጥርት ያለ ፀሐይ። ወንድምአገኝ ትናንት አልጋውንና አንድ ሳጥን እርሳስ በአህያ ጭኖ መጣ። ላይ አምባ እልል አለ፤ በእድር ስብሰባ ሁለት ወንበር ሰጡን። ኮከቤ ልጇን ይዛ ከአጥር ማዶ «እማማ፣ ሙሽሪት!» እያለች ታላግጥብኛለች።  አራስ አይሰደብም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ስለ አምናው ዓመት አጋማሽ ተጣላን። እኔ መጋቢት አንድ አልኩ፤ ስድስት ወር በዚህ፣ ስድስት ወር በዚያ። እሱ አይደለም፣ መሀሉ ከመጋቢት ሦስት በኋላ ነው አለ። «አርባ ዓመት አስተምሬዋለሁ!» ብዬ ጮኽኩበት። ወጥቶ ለዶሮዎቹ ገብስ በተነላቸው።

ብቻዬን ሠራሁት። ሠራሁት... ደግሜ ሠራሁት። ጳጉሜን ረስቻለሁ። ስድስት ቀን ሙሉ! በዘመነ ሉቃስ!

ልክ እሱ ነው።

እዚያ ውጭ ተቀምጧል፤ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ናት፤ ውሻው እግሩ ሥር። ነገ እነግረዋለሁ። ወይም ከነገ ወዲያ... ምን አስቸኮለኝ?